የድዱ ቆላ

«ይህም ይነቀላል» አለ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደምለው፣ የአየሁሽን የፊት ጥርስ በሁለት ጣቱ ይዞ እያነቃነቀ። ጥርሱ እንደ ላላ ችካል ወዲያ ወዲህ አለ።

እናቷ ፈንታነሽ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላለች። በቢቸና ዙሪያ ድድ ነቃሽ ቢባል እሷ ናት፤ ስንቷን ሙሽራ በእሾህና በጥላሸት አሳምራለች። የልጇ ድድ ይደማ በጀመረ ጊዜም «ንቅሳት ያጠነክረዋል» ብላ ነቀሰቻት። ሲደማ ደገመችው። መቅላቱ በጥቁሩ ተሸፈነና ዳነችልኝ ብላ አምላኳን አመሰገነች።

«ትል ነው አይደል ልጄ?» አለችው ድሬሰሩን።

«ትል አይደለም እማማ፤ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው። አፍም እንደኛ አገር ነው፣ ደጋም ቆላም አለው። በምላስ ላይ የሚኖሩት ሌሎች፣ በጉንጭ ሌሎች፣ ከድድ ሥር የተደበቁት ደግሞ ሌሎች። ወባ ዓባይ በረሃ እንደሚበረታ፣ ይህም ሕመም የሚበረታው እዚያ ቆላው ውስጥ ነው፤ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል። ድዱ ቀልቶ ቢታይ ቶሎ ታመጧት ነበር። በጥቁር ድድ ላይ ማን ያየዋል?»

ጉጠቱን አነሣ። «ማናት የነቀሰችሽ? ሌላ ሰው ሳትጎዳ ብመክራት ነው።»

አየሁሽ እናቷን አየቻት። «የሞጣ ሴት ናት» አለች በመርፌው በደነዘዘ ከንፈሯ። «ገበያ ሄጄ ነው። አላውቃትም።»

ልጅቱ ሞጣን ረግጣው አታውቅም። ፈንታነሽ ዝም ብትል ነገሩ ሊያልፍ ነው፤ ለነገም የምትነቀስ ሙሽራ ቀጥራለች።

«ትዋሻለች ልጄ» አለችው። «እኔ ነኝ። በዚህ እጄ ነው።»

ደምለው ጥርሱን ነቅሎ አጠበና በዚያው በእናቲቱ እጅ ላይ አኖረላት። ነጭ ነው፣ አንድ እንከን የለውም።

አየሁሽ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የወተት ጥርሷ ሲወልቅ፣ እናትና ልጅ ወደ ሣር ክዳኑ ወርውረው ቁራን የተሻለ ጥርስ ስጠን ብለውት ነበር። የሰጣቸው ይህንን ነው።

ፈንታነሽ ቀና ብላ የጤና ጣቢያውን የቆርቆሮ ጣሪያ አየች፤ ከዚያ ጥርሱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።