ከካካዎው ጆንያ በላይ

ሰይፈሥላሴ የኮንቴይነሩን ማሸጊያ በጉጠት እየቆረጠም ወሬውን አላቋረጠም። አብሮት የሚሠራው ኤርትራዊው ይኽኣሎ፣ ሰውየው ደሴ ላይ ታሪክ ያስተምር እንደነበር ስለሚያውቅ፣ ብርዱን ለመርሳት ያህል የቸኮላታን ነገር ጠይቆት ነበር።

«ድሮ የሚጠጣ ነገር ነበር» አለው። «እዚያ ሜክሲኮ፣ ሰዎቹ ካካዎውን ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ሚጥሚጣ ጨምረው ይጠጡታል። መራራ ነው። እስፓኞች መጡና አገሩንም መጠጡንም ወሰዱ። ስኳር ገባበት። ቆይቶ እዚሁ ለንደን ጌቶች የሚሰበሰቡበት የቸኮላታ ቤት ተከፈተ።»

«ታዲያ ማን ነበር የሚያለማው ጋሼ?»

«እሱ ነዋ ነገሩ። ያገሩ ሰው በበሽታና በግፍ ሥራ ሲያልቅባቸው ከአፍሪካ ሰው በመርከብ አጋዙ። ኋላ ደግሞ ዛፉን ራሱን አፍሪካ ወስደው ተከሉት። ይኸው ከዚያ እየተጫነ እዚህ ኤድመንተን መጋዘናችን ይደርሳል።»

በሩ ተከፈተ። የወጣው ሽታ የካካዎ አልነበረም።

በጆንያው ክምርና በጣሪያው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት አንድ ሰው በጎኑ ተኝቷል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ይኽኣሎ በመሰላል ወጥቶ አንገቱን ዳሰሰና ቶሎ ወረደ።

«ሞቷል» አለ።

ሱፐርቫይዘሩ እየሮጠ መጥቶ አየና ፊቱን አዞረ። «ያገራችሁ ሰው ነው?»

«አላውቀውም» አለ ሰይፈሥላሴ።

«ፖሊስ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው። የነካው ሥራውን ያጣል።» ስልክ ሊደውል ወደ ቢሮው ሄደ።

ሰይፈሥላሴ ይህን ሥራ ያገኘው ሁለት ዓመት ሙሉ አፕላይ ሲያደርግ ኖሮ ነው። ሆሎዌይ ሰፈር ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። መሰላሉን ያዘ።

«ጋሼ ይተዉ» አለ ይኽኣሎ። «ልጆችዎን ያስቡ።»

«ይሄም የሰው ልጅ ነው። አፉን ከፍቶ ይደር እንዴ?»

ወጥቶ ዓይኑን ከደነለት። ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ አገጩን ሊያስር ሲጎነበስ፣ አጠገቡ ያለው ጆንያ በጥፍር ተቦጭቆ አየ። የሟቹ ጥርስ ቡናማ ሆኗል። ጉንጩ ውስጥ ታኝኮ ያልተዋጠ ጥሬ ካካዎ አለ።

በጣቱ ቀስ እያለ ጠረገለት። ከዚያ በኋላ በአንድ እጁ ራሱን እየደገፈ በሌላው ሊያስር ቢሞክር ሻርፑ አልታሰር አለው።

መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማ። ይኽኣሎ ነው። በደረቱ እየተሳበ ገባና የሟቹን ራስ በሁለት መዳፉ ቀና አድርጎ ያዘለት።