ሦስተኛው ናሙና

ከወለል ምንጣፍ ሱቅ ያመጣችውን ሦስተኛ የፕላስቲክ ናሙና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ዘረጋችው። አርባ ዓመት የረገጡት የሱፍ ምንጣፍ በስብሶ ከተነሣ ወዲህ፣ አእምሮው የደከመው ባሏ እዚያ እግሩን አላስገባም። ዛሬም እምቢ ካለ ልጃቸው ነገ መጦሪያ ቤት ልታስገባው ነው።

«ኔቪል፣ ይሄ እንኳ አያብለጨልጭም። ርገጠው እስቲ።»

«አብደሻል? ባሕር ነው እኮ!» አለ፣ የበሩን መቃን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ።

«ፕላስቲክ ነው፤ ይኸው!» በባዶ እግሯ ቆመችበት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ውጪ አንቺ ሴትዮ! ዋና የት ታውቂና!»

ልታስረዳው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችውና እጇን ዘረጋችለት። «ኔቪል፣ እየሰጠምኩ ነው» አለችው። ድምጿ የእውነት ተንቀጠቀጠ።

ጎንበስ ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ገባ።