የትኛው ሠላሳ

«ከመቶ ሠላሳ ስትዪኝ የትኛውን ሠላሳ ነው?» ይላል ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ እግሩን የካንሰር ጨረር ሕክምና ክፍሉ ውስጥ፣ አንዱን ኮሪደሩ ላይ አድርጎ። በሩ ካልተዘጋ ማሽኑ አይሠራም። ከኋላችን ተራ የያዙት በሽተኞች ማጉረምረም ጀምረዋል።

«የመዳን ዕድልዎ ነው አልኩ እኮ፣ መምህር» ትላለች ሐኪሟ። «እንደ እርስዎ ካሉ መቶ ሰዎች ሠላሳው ይድናሉ።»

«እሱ የመቶው ጉዳይ ነው። እኔ አንድ ሰው ነኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ግባ!» ትላለች ሚስቱ፣ ጃኬቱን እንደታቀፈች። «እዚህም ፊዚክስ?»

ዕድሜውን ሙሉ ተማሪዎቹን ያስተማረው፣ እኛን ደግሞ ምሳ ላይ ያደረቀን በዚሁ ነው። ይኸው አሁንም ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ይመስል እጁን ያነሳል።

«ሳንቲም ወርውሬ በመዳፌ ብሸፍነው ወድቋል፤ ያላወቅነው እኛ ነን። ማሽኑ ውስጥ ያለው አቶም ግን መቼ ጨረሩን እንደሚተፋ ገና አልተወሰነም። የለም፣ እሱም ተወስኗል፣ ከእኛ ተደብቆ ነው የሚሉ አሉ። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ያንቺ ሠላሳ ከየትኛው ነው?»

«ጋሼ፣ በእናታችን!» እላለሁ። «ሊቃውንቱን እሷ እዚህ ኮሪደር ላይ ታስማማቸው?»

ከተራው አንዱ ይስቃል። «እሳቸው እስኪመራመሩ እኛን አስገቡና» ትላለች አንዲት ሴት።

ትዕግሥቴ አልቆ ክንዱን ይዤ እስበዋለሁ። የበሩን ጠርዝ ጨብጦ አይለቅም።

«ሳንቲሙ ወድቆ ከሆነ» ይላል፣ እኛ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፣ «በከንቱ አልቃጠልም፤ ቤቴ ልሂድ። ካልወደቀ ግን እገባለሁ።»

ሐኪሟ መነጽሯን ታወልቃለች።

«አላውቅም፣ መምህር። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

«ምነው ቀድመሽ እንዲህ ብትዪ» ይልና ሁለተኛውን እግሩን ያስገባል። ከባዱ በር ይዘጋል።

የማሽኑ ሠራተኛ የውስጡን የሚያሳየውን ስክሪን ወደ እኛ ታዞረዋለች። «ይኸው፣ ተኝተዋል። ይመልከቷቸው።»

ሚስቱ ጠጋ ትላለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ከግድግዳው ጋር ተፋጥጬ እቆማለሁ፤ እኔ እስካላየሁ ድረስ ምንም የማይሆን ይመስል።