ጋሼ የተዉት ፍተሻ

የሆስፒታሉ ሰርቨር ክፍል ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ቴክኒሻኑ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረውን የጋሼን ሹራብ ደረብ አድርጎ ተቀመጠ። ሥራ ያስተማሩት ጋሼ ከሞቱ ዓመት አልፏል። የጻፏት የፍተሻ ፕሮግራም ግን ማሽኑን የሚያሠራው ሊኑክስ ላይ አዲስ ነገር ሊጭን ባለ ቁጥር፣ ፕሮግራሞቹ በጋራ የሚጠቀሙባቸውን የኮድ ስብስቦች፣ ላይብረሪዎቹን፣ አይታ በእሳቸው አነጋገር ታስጠነቅቀዋለች። ዛሬም ስክሪኑ ላይ ጻፈች፦

«ልጄ፣ አዲሱ የፋርማሲ ፕሮግራም የሚፈልገው ላይብረሪ እዚህ ካለው ቨርዥን ጋር አይስማማም። ተወው።»

ስልኩ ጮኸ። የፋርማሲዋ ኃላፊ ነበረች።

«ወንድሜ፣ በሽተኛው በር ላይ ተኮልኩሏል እኮ! ምን ልበላቸው?»

«ደረሰ በያቸው፣ እህቴ።»

ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ላይብረሪ ሲያወጣ ሌላውን ሲያስገባ ውሎ ዓይኑ ቀልቷል። የመጣው ይምጣ ብሎ ጋሼ አጥብቀው ይከለክሉ የነበረውን አደረገ፤ ፍተሻዋን ከማሽኑ አጠፋትና ፕሮግራሙ በግድ እንዲጫን አዘዘ።

ስክሪኑ ለአፍታ ጨለመ። ከዚያ አንድ መስመር ብቅ አለ።

«ልጄ፣ ተወው አልኩህ እኮ።»

እጁ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው መስመር ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ተጻፈ።

«ሹራቤንም መልስልኝ፤ በርዶኛል።»