የተሻለውን ያስቀሩ

የኢስራ ስልክ ሞልቶ አላሠራ ካላት ሰንብቷል። እሁድ ከፋብሪካ እረፍቷ ነውና ኮምቦልቻ እናቷ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ፎቶ ታጠፋ ጀመር። ስልኩ የሚመሳሰሉትን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያቀርብላትና «የተሻለውን ያስቀሩ» ይላታል። እግሯ ይወዛወዛል፤ አውራ ጣቷም አያርፍም። ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ፣ ቁጭ ብላም የተቀመጠች አይመስላትም።

ከወንድሟ ከሀፊዝ ሁለት ፎቶዎች የሚስቅበትን አስቀረች። ወዲያው ሀፊዝ ከውስጥ ሳቁን ለቀቀው።

«ምን አግኝተህ ነው?» አለችው። እሱ ጭራሽ ባሰበት።

ቀጥሎ ለአረፋ ደሴ ሄደው ከእናቷ ጋር የተነሱት መጣ። በአንደኛው እናቷ ፈገግ ብለው ያያሉ፤ የኢስራ አፍ ግን ተጣሟል። በሌላው ኢስራ አምሮባታል፤ እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያማረባትን አስቀረች። የሰረዘቻቸውንም ሁሉ ዳግም እንዳይመለሱ አድርጋ ጠረገቻቸው።

«ሀፊዝ፣ በአላህ ይብቃህ!»

ሳቁ ትንፋሽ እያጠረው ቀጠለ።

እናቷ ግቢው መሃል፣ የረፋዱ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀጥ አለ።

«ኢስራዬ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ እሷ ሳይሆን ወደ አጥሩ አዙረው፤ «ዙሁር አዛን ሳይባል መሸ እንዴ?»