ከብረቱ ጀርባ

በያጇ የፕላዝማ መቁረጫዋን በጠመኔ ያሰመረችው መስመር ላይ ደቅና፣ “ወንድሜ፣ ከግድግዳው ራቅ በል!” ብላ ጮኸች። በሩ ተጣሞ ከተዘጋው ኮንቴይነር ውስጥ ሦስት ደካማ ምት መለሰላት፤ ልክ ከመስመሩ ጀርባ። ጣቷን ከማስነሻው አነሳች።

“ምን ትጠብቂያለሽ? ልጁ ታፍኖ ሊሞት ነው!” አለ አባቷ።

“ይሄ የሚተፋው ብረት የሚያቀልጥ የፕላዝማ እሳት ነው አባዬ፤ ብረቱን በስቶ እሱንም ይቆርጠዋል። ትንፋሽ አጥሮት ግራ ተጋብቷል፣ የምለው አይገባውም። በጠራሁት ቁጥር ድምፄን ተከትሎ ይጠጋኛል። አንተ በዚያኛው ጫፍ ሆነህ ጥራው።”

“እኔ? ዓመት ሙሉ አኩርፎኝ? ድምፄን ከሰማማ ጭራሽ ወደ አንቺ ነው የሚሸሸው።”

“ጥራው ብቻ!”

አባትየው ሮጦ ሄዶ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ድሮ አዝሎት ሲዞር የሚጠራበት ስም ከአፉ ወጣ፦ “ድንቡሼ... እኔ ነኝ። ወደ እኔ ና።”

እሷ መዳፏን የጠመኔው መስመር ላይ አድርጋ ጠበቀች። ምቱ ቆመ። አባትየው በድንገት ቀና አለና፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስል፣ “እዚህ ነው” አለ በሹክሹክታ። “እዚህ እኔ ጋ እያንኳኳ ነው።”

የፊት መከላከያዋን አወረደች።