የዙልማ አዲስ ጫማ

ዙልማ የቀኝ እግር ጫማዋን አውልቃ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትወረውረዋለች። ነጭ ካልሲዋ ትንሿ ጣት ላይ ደም ይዟል።

«በቃኝ፤ አልችልም» ትላለች። «ሂጂና ለዳኛዋ አቋርጠናል በያት።»

ዴቦራ ውሃዋን ትጠጣለች እንጂ አትነሳም። በጥንድ ቴኒስ የዙልማ አጋር ከሆነች ገና አራት ወሯ ነው፤ በዕድሜ ልጇ ትሆናለች። «አራት ለሦስት እየተመራን ነው እንጂ አልተሸነፍንም። የቀረው የኛ ጨዋታ ብቻ ነው። ካቋረጥን ክለቡ ወደ ሦስተኛ ምድብ ይወርዳል። ይህን ሄጄ የምናገረው እኔ ነኝ?»

«ይውረድ። ያወረድኩት እኔ አይደለሁም፤ ይሄ ነው።» ዙልማ ጫማውን በራኬቷ ጫፍ ትገፋዋለች። «ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለካው ልክክ ያለ ነበር። እዚህ ስሮጥ ተረከዜ ይወጣል። ስቆም ደግሞ ጣቶቼ ከፊት ይላተማሉ። በዚህ የጡብ ዱቄት ሜዳ ላይ የሚቆመው ተንሸራትቶ ነው፤ ጫማው ቆሞ እግሬ ጉዞውን ይቀጥላል።»

«ማሰሪያውን አጥብቂያ።»

«ሳጠብቀው እግሬ ይደነዝዛል፤ ሳላላው ጣቴን ይልጠዋል። የወንድ ጫማ ያሳንሱና ጎኑን ሮዝ ቀብተው የሴት ነው ይሉሻል። የሴት እግር አይተው ያውቃሉ? ከፊት ሰፊ ነው፣ ከኋላ ቀጭን ነው። እናት የላቸውም? እናታቸውስ እግር የላትም?»

ዴቦራ ሳቋን በፎጣዋ ትሸፍናለች።

ኦሬስቴ ቴርሞሱን በብብቱ ሸጉጦ፣ የማቴ ሻይ መጠጫ ቅሉን በእጁ ይዞ በአጥሩ በር ይገባል። ቀዩን ሜዳ ጠዋት ጠዋት የሚያጠጣውና የሚደለድለው እሱ ነው። የኔሊዳ ባል ነው። ኔሊዳ ሰኔ ላይ እስክታርፍ ድረስ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዙልማ ጎን ቆማ የተጫወተችው እሷ ነበረች።

«ምን ሆናችሁ? ተጋጣሚዎቻችሁ የአዙል ሴቶች እኮ ብርቱካናቸውን ልጠው ጨረሱ» ይላል።

«ጫማው» ትላለች ዴቦራ።

«ቀይረውታል» ትላለች ዙልማ። «ያው ስም፣ ያው ቁጥር፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ግን አሠራሩን ቀይረውታል። ኔሊዳ የምታመጣልኝ እኮ ከካርቶኑ ከወጣ ጀምሮ በኔ እግር የተሰፋ ነበር የሚመስለው። አንድ ቀን እንኳ ቆንጥጦኝ አያውቅም።»

ኦሬስቴ ሙቅ ውሃ ይቀዳና ቅሉን ያቀብላታል። ትቀበለዋለች፤ አትጠጣውም።

«ታዘገይብኝ ነበር እንጂ። ሁልጊዜ ሁለት ሳምንት። አንዴ ሱቁ አላስገባም ትለኛለች፣ አንዴ የጭነት መኪናው ተበላሸ ትለኛለች። ስንቴ ተጨቃጨቅን። አንድ ጊዜማ ሦስት ቀን አኩርፌያታለሁ።»

«አውቃለሁ። ሦስቱንም ቀን እራቴን የበላሁት ያንቺን ስም እየሰማሁ ነው።» ኦሬስቴ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ይጠርጋል። «ጫማው እኮ እኛ ቤት ነበር።»

ዙልማ ቀና ትላለች።

«የኔን የሱፍ ካልሲ በራሷ ካልሲ ላይ ደርባ ጫማሽን ታጠልቀዋለች። ወጥ ስትሠራ እሱን፣ ወለል ስትወለውል እሱን። ጠዋት እኔ ሜዳውን ሳጠጣ መጥታ ከዚያ ጥግ እዚህ ጥግ ትንሸራተትበታለች። ሲለሰልስ ሶሉን በጥርስ ብሩሽ አጥባ፣ ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ ካርቶኑ ውስጥ ትመልሰዋለች። ጣቷ ላይ ፕላስተር የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። ‹ለምን እግርሽን ትጎጃለሽ?› ብላት፣ ‹ዙልማን ጫማ ከቆነጠጣት አፏ አያርፍም፤ ጨዋታውን ሙሉ የምሰማው እኔ ነኝ፤ ጣቴ ቢቆስል ይሻለኛል› አለችኝ።»

«እውነቷን ነው» ትላለች ዴቦራ፣ ቀስ ብላ።

«አንቺ ዝም በይ።» ዙልማ ወደ ኦሬስቴ ትዞራለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አትነግረኝም? ራሴ አለሰልሰው አልነበረም? እኔ እግር የለኝም? ወለል የለኝም?» ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ የምትቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። «ሦስት ቀን ሳኮርፋት እንኳ አንድ ቃል አትተነፍስም? ምን ዓይነት ግትር ሴት ናት?»

«ብትነግርሽ ትቀበያት ነበር?»

ዳኛዋ ከወንበሯ ላይ ሰዓቷን እያሳየች ትጣራለች።

ዙልማ የቀዘቀዘውን ማቴ ቅሉ ባዶ እስኪሆን በቀሰሙ ስባ ለኦሬስቴ ትመልሳለች። ጫማውን አንስታ እግሯን ታስገባለች። ማሰሪያውን ከታች ጀምራ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ እየሳበች ታጠብቀዋለች።

«ለዳኛዋ ምን ልበላት?» ትላለች ዴቦራ።

«ምንም። ሄደሽ መረቡ ጋ ቁሚ።»

ከአዙል ሴቶች ረጅሟ ዙልማ እንደምታነክስ አይታለች። ሁለት ኳስ ከዙልማ ኋላ ወዳለው የሜዳው ጫፍ ትመታና ሦስተኛዋን መረቡ ሥር ጣል ታደርጋለች። ዙልማ ትሮጣለች። የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች በቀኝ እግሯ ትንሸራተታለች፤ ጫማው ይቆማል፣ ጣቷ ከፊቱ ጋር ይላተማል፣ ራኬቷ ኳሷን ከመሬት በአንድ ስንዝር ላይ ያገኛታል። ኳሷ መረቡን አልፋ ማዶ፣ ማንም በሌለበት ትወድቃለች።

ዴቦራ እርግማኑን ጠብቃ ዞር ትላለች። ዙልማ ጎንበስ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች። ምንም አትልም።

ከኋላዋ፣ በቀዩ ዱቄት ላይ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን የመንሸራተት መስመር ተሰምሯል። ኦሬስቴ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ እሱን ያያል።